ሸክሙ ከማን ጀርባ ይውረድ?
(ከደምበጫ የጉዞ ማስታወሻ)

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የተጓዛችሁ እንደ ሆነ ደምበጫን ሳታዩአት አላለፋችሁም። ምናልባት አውቶቡሱ ለአፍታ ሲቆም የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት ገዝታችሁባት ይሆናል። ምናልባትም እንቅልፍ ወስዷችሁ ስትነቁ ፍኖተ ሰላም ደርሳችሁ ነበር። እኔና ባለቤቴ ግን በ2011 ዓ.ም. የበጋ ወራት እዚያ አራት ቀን ቆየን። በእነዚያ ቀናት ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የያዘው ተራራው ወይም ወንዙ አልነበረም፤ ጋሪው ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ተራ ነገር፣ በአገር እጅ ተሠርቶ በአገር ፈረስ ስለሚጎተት ጋሪ ላጫውታችሁ እወዳለሁ። ተራ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከቤታችሁ ደጃፍ ይደርሳልና።

መንገዱና ከተማዋ

ደምበጫ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የዓባይን ሸለቆ ወርዳችሁ ወጥታችሁ፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስንና አማኑኤልን አልፋችሁ ትደርሱባታላችሁ። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ስለሚበልጥ ማለዳዋ ብርድ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይዋ ትከርራለች። በአጠገቧ የሚያልፈው ተምጫ ወንዝ ወደ ብር ይገባል፤ ብርም ተጉዞ ከዓባይ ይቀላቀላል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ስትቀጥሉ ጂጋን፣ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ፍኖተ ሰላምን፣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ በስሟ የሚያውቃትን ማንኩሳን፣ ቀጥሎም ቡሬን ታገኛላችሁ።

አገሩ የእህል አገር ነው። በቆሎው፣ ስንዴው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ ወደ ቡሬም ስትቀርቡ በርበሬው። እህል ባለበት ደግሞ ሸክም አለ። ከማሳ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ገበያ የሚሄደው ሁሉ አንድ ሰው ወይም አንድ እንስሳ ይሸከመዋል። የገበያ ቀን ማለዳ በከተማዋ መግቢያ ቆማችሁ ብትመለከቱ የአገሩን ኑሮ በሙሉ ሲያልፍ ታያላችሁ፤ ሁለት ስልቻ የተጫነች አህያ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ ልጅ፣ እንጨት በጀርባዋ ያዘለች እናት፣ በመካከላቸውም ደወሉን እያቃጨለ የሚያልፍ ጋሪ።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር መሰወር አይገባኝም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አካባቢው በግጭት ተጎድቷል፤ በዚያ መንገድ መጓዝም እኛ እንደ ሄድንበት ጊዜ የቀለለ አይደለም። ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የአገሩን ሰዎች መጠየቅ አለበት። እኔም የምነግራችሁ በዚያን ጊዜ ያየሁትን ነው።

መሸከምና መጎተት

በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚኖሩ ብዙ ወገኖች አሉን። እዚያ ክረምቱ ሲበረታ ሐይቁ ከላይ እስከ ታች ባይሆንም ፊቱ ድንጋይ እስኪመስል ድረስ በበረዶ ይጋገራል። የአገሩ ሰዎች በበረዶው ላይ እየተራመዱ ገብተው፣ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ከፍተው፣ በቀዳዳው ዓሣ ያጠምዳሉ። የክፍለ ግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለሚገባ ሰው በረዶው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ይመክራል። ታዲያ መሰርሰሪያው፣ ድንኳኑ፣ ማሞቂያው፣ ባልዲውና መቀመጫው በትከሻ አይቻልም። ስለዚህ ብዙዎቹ አሮጌ የበረዶ መንሸራተቻ ጥንድ ይፈልጉና በላዩ የእንጨት ሳጥን ይመታሉ፤ ገመድ ወይም ቀጥ ያለ ዘንግ አስረው ይጎትቱታል። ከሱቅ የተገዛ አይደለም፤ በጓሮ የተሠራ ነው።

ለምን ይቀላል ብላችሁ ብትጠይቁ ምሥጢሩ ቀላል ነው። መንሸራተቻው ረጅምና ሰፊ ስለሆነ ክብደቱን በብዙ ቦታ ላይ ያከፋፍለዋል፤ ስለዚህ በለስላሳው በረዶ ውስጥ አይሰምጥም። ጫፉ ወደ ላይ ስለ ታጠፈ አይቆፍርም። በረዶው ደግሞ ያዳልጣል፤ 100 ኪሎ ጭነት ለመጎተት የአምስት ኪሎ ያህል ጉልበት ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ያንኑ ሸርተቴ አምጥታችሁ በደምበጫ ደረቅ መሬት ላይ ብትጎትቱት ግን የጭነቱን ግማሽ ያህል ጉልበት ይጠይቃችኋል። የገጠር ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ለቤት ምሰሶ የሚሆን ግንድ በጠፍር ታስሮ በበሬ ሲጎተት አይታችሁ እንደ ሆነ፣ በሬዎቹ እንዴት እንደሚያቃስቱ መሬቱም እንዴት እንደሚታረስ ታስታውሳላችሁ።

በረዶ የሌለው አገር መፍትሔው መንኰራኵር ነው። ነፋስ የተሞላ ጎማ በተረገጠ መሬት ላይ ሲንከባለል የሚጠይቀው ጉልበት በበረዶ ላይ ከሚንሸራተተው ጋር ይቀራረባል። አንዲት አህያ በጀርባዋ ግማሽ ኩንታል ገደማ ስትሸከም፣ አንድ ፈረስ በደህና መንገድ ላይ በጋሪ ከሦስት እስከ አምስት ኩንታል ይጎትታል። ልዩነቱ ከእንስሳው ጥንካሬ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የበለጠው ሸክሙ ከጀርባ ወደ ጎማ በመውረዱ የመጣ ነው።

ጋሪው እንዴት ይሠራል?

በከተማዋ ዳር አንድ የጋሪ ሠሪ አገኘን። ዕድሜያቸው ከ60 የዘለለ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ «አያ» ይላቸዋል። በእንጨት ሥራ ጀምረው በኋላ ብየዳ ተምረዋል። ግቢያቸው በአሮጌ ብረት የተሞላ ነው። ለእኔ ቆሻሻ የመሰለኝን አንድ ዝገት የበላው ብረት አንሥተው፣ «እኅቴ፣ ይህን ንቀሽ አትለፊው፤ የጋሪው ነፍስ ይህ ነው» አሉኝ። የአሮጌ መኪና አክስል ነበር።

አሠራሩን እንዳስረዱኝ ላስረዳችሁ። መጀመሪያ አክስሉ ይመረጣል። ያልተጣመመ መሆን አለበት፤ ከተጣመመ ጎማዎቹ እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ፣ ፈረሱም ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋሪ ጋር ይታገላል። ቀጥሎ ኩሽኔታው ተፈትቶ ይታጠባል፤ ያለቀ ከሆነ ይለወጣል፤ ግራሶም ይቀባል። «ሰው በቀለሙና በደወሉ ይገዛል፤ እኔ ግን ጎማውን አንሥቼ አሽከረክርና ጆሮዬን እሰጣለሁ» አሉ። ጥሩ ኩሽኔታ ድምፅ የለውም።

ከዚያ የአንጎላሬ ብረት ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሆኖ ይበየዳል። በመካከሉ ሁለት ብረት ይገባና ከአክስሉ ጋር በብሎን ይታሰራል። ለምን አይበየድም ስላቸው፣ ብየዳው በኮረኮንች መንገድ ይሰነጠቃል፤ ብሎን ግን ሲላላ ይታያል፣ ይጠብቃልም አሉኝ። አቅም ያለው በመካከሉ ባሌስትራ ያስገባል። በላዩ የባሕር ዛፍ ጣውላ ይነጠፋል። ባሕር ዛፉ በደንብ ካልደረቀ በዓመቱ ይጣመማልና ቢያንስ አንድ በጋ በጥላ ሥር መቆየት አለበት። በመጨረሻ በፈረሱ ግራና ቀኝ የሚዘረጉት ሁለቱ ረጃጅም እንጨቶች ይገጠማሉ።

የፈረሱ ማሰሪያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በደረቱ ላይ የሚያርፈው ጠፍር ሰፊ መሆን አለበት። ቀጭን ገመድ ያሰረ ሰው በሳምንቱ ገጣባ ያያል። ብዙ ሰው ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጦ፣ በውስጡ የተጣጠፈ ጨርቅ ወይም የበግ ቆዳ አድርጎ ይሰፋዋል። ልብ በሉ፤ በሚኒሶታ መንሸራተቻው ሰፊ የሆነበት ምክንያትና በደምበጫ የደረቱ ጠፍር ሰፊ የሆነበት ምክንያት አንድ ነው። ሸክም በጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ ይቆርጣል፤ በሰፊው ሲያርፍ ግን ይቻላል።

ሚዛንና ቁልቁለት

ጋሪ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ መጫን ሌላ ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ እንጨቶቹ ወደ ላይ ይነሡና በፈረሱ ሆድ ሥር ያለው ማሰሪያ ያንቀዋል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ በጀርባው ላይ ይወድቃል፤ ጋሪው ጋሪ መሆኑ ይቀርና ሌላ ዓይነት ስልቻ ይሆናል። ትክክለኛው ጭነት ከአክስሉ በላይ ሆኖ ጥቂት ብቻ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። አያ የሚፈትኑት እንዲህ ነው፦ ፈረሱን ሳያስገቡ እንጨቶቹን በእጃቸው ያነሣሉ። በአንድ እጅ ሊነሣ የሚችል ከሆነና ሲለቁት ቀስ ብሎ ከወረደ ተስተካክሏል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ቁልቁለቱ ነው። ብዙዎቹ ጋሪዎች ፍሬን የላቸውም። ዳገቱን የሚወጣ ፈረስ ይደክማል፤ ቁልቁለቱን የሚወርድ ፈረስ ግን ከኋላው የሚገፋውን አራት ኩንታል በእግሩ ብቻ ማቆም አለበት። በበረዶ አገር ያሉትም ይህን ስለሚያውቁ ነው ሸርተቴውን ከገመድ ይልቅ በዘንግ የሚጎትቱት፤ ገመድ መጎተት እንጂ ማገድ አይችልም፣ ሸርተቴውም ቁልቁለት ላይ መጥቶ የጎታቹን ተረከዝ ይመታል። አያ በሚሠሩት ጋሪ ላይ በእግር ሲረገጥ ጎማውን የሚጫን ወፍራም እንጨት ያደርጋሉ። ከኋላ ደግሞ ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ቀይ አንጸባራቂ ይለጥፋሉ። «ይህ ሁለቱ ዋጋ አይጨምርም፤ ግን ገዢው አይጠይቀኝም፤ እኔ ነኝ የማስገባው» አሉ።

በክረምት ግን ጥበብ ሁሉ ያበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጥቁሩ አፈር ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ጎማው እስከ ቸርኬው ይሰምጣል። ያን ጊዜ የገጠሩ ሰው ወደ አህያው ጀርባና ወደ ራሱ ትከሻ ይመለሳል፤ የታመመም ሰው በቃሬዛ ላይ ሆኖ በሰው ትከሻ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

የቀድሞ ሸክሞች

ይህ አገር ስለ ሸክም ብዙ ያውቃል። ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ ያሠሩት በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የክሪስቾና ትምህርት ቤት በመጡ ሚስዮናውያንና በጓደኞቻቸው እጅ ነበር። መድፉ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ከደብረ ታቦር በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በጋፋት በተሠራው ሠረገላ ላይ ተጭኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጎተቱት፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠረጉ። ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። ያን ሁሉ ድካም ያስከተለው የመድፉ ክብደት ብቻ አልነበረም፤ መንገድ አለመኖሩ ነበር።

በራሷ በደምበጫ መንገድ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ሲገቡ፣ በዊንጌት የሚመራው ጦር በመጽሐፈ መሳፍንት በምናውቀው በጌዴዎን ስም ተጠርቶ ጎጃምን ያቋርጥ ነበር። በየካቲት መጨረሻ ከቡሬ ያፈገፈገው የጣሊያን ጦር ከደምበጫ በፊት ከእርሱ ክፍለ ጦር ጋር ተጋጥሟል። ስንቁንና ጥይቱን እንዲሸከሙ ከሱዳን ወደ 15000 የሚጠጉ ግመሎች ተሰብስበው ነበር። ቆላ ለምዶ ያደገ እንስሳ የደጋውን ብርድና ድንጋያማ ዳገት አልቻለም፤ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። ሸክም ለጫኑበት ጀርባና ለሚሄድበት መሬት ካልተስማማ መጨረሻው ይህ ነው።

ጋሪው ገባ፤ ሸክሙስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አያ ዘንድ ተቀምጠን ሳለ ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን። እኔም የዋህ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ «እትዬ፣ ባለቤትዎ ጋሪ ሠሪ ስለሆኑ እርስዎ ከሸክም ዐርፈዋል ማለት ነው?»

ሳቁና ስኒውን አቀበሉኝ። «ልጄ፣ የጋሪ ሠሪ ሚስት መሆንና ጋሪ ማግኘት አንድ አይደለም» አሉ። «መጀመሪያ የሠሩት ጋሪ በግቢያችን ሰባት ዓመት ኖረ። ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባል። የሰው እህል፣ የሰው ሲሚንቶ፣ የሰው ጠላ ጋን ያመላልሳል። እኔ ደግሞ ጀሪካኔን በጀርባዬ አዝዬ ከኋላው እሄዳለሁ። አንድ ቀን ውኃ ቀድቼ ስመለስ ጋሪያችን ባዶውን አለፈኝ።»

አያ አንገታቸውን ደፉ፤ አልተከራከሩም። «እውነት ነው» አሉ፤ «ለሰው ስሠራ ብር አየሁ፤ ለቤቴ ሲሆን ብር የለውም። ብር የሌለውን ነገር ዓይን አያየውም።»

ታዲያ ምን አደረጉ? ተቀምጠው ተነጋገሩ። ማክሰኞና ዓርብ ማለዳ ጋሪው የቤቱ እንዲሆን ወሰኑ። ውኃው፣ የወፍጮው እህልና እንጨቱ በእነዚያ ሁለት ማለዳዎች ይገባል። ልጃቸው ፈረሱን ይነዳል፤ አያም ራሳቸው ጀሪካን ይጭናሉ። መጀመሪያ ጎረቤት እንደ ሳቀባቸው ነገሩኝ፤ ወንድ ልጅ ውኃ ሲቀዳ! በኋላ ግን የሳቁት ራሳቸው በተመሳሳይ ማለዳ ጋሪያቸውን ይዘው ወደ ውኃው ይወርዱ ጀመር።

ይህን በሒሳብ እንየው። በባለ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያለው ውኃ ብቻ 20 ኪሎ ነው። እናቲቱ 12 ጀሪካን ውኃ ለማስገባት 12 ጊዜ መመላለስ ነበረባቸው። ጋሪው ያንን 240 ኪሎ በአንድ ጉዞ ያመጣዋል። ምንጩ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ርቀት ላይ ቢሆን፣ ባዶውን ወርዶ ሞልቶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በጀርባ የ12 ሰዓት መንገድ ሲሆን በጋሪ የአንድ ሰዓት መንገድ ሆነ ማለት ነው። የጋሪው ብር በሁለቱ ማለዳዎች ቀርቷል፤ እውነት ነው። የእናቲቱ 11 ሰዓትስ ዋጋ የለውም?

በብዙ ስፍራ ይህን አስተውያለሁ። ሸክሙ በጀርባ እስካለ ድረስ የሴት ሥራ ይባላል፤ መንኰራኵር ሲገባበት የወንድ ሥራ ይሆናል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም በረከት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም አባትና ልጅ ያለ ኀፍረት ውኃ መቅዳት የሚጀምሩት በዚህ በር በኩል ነው። አደጋው ግን ጋሪው ሁልጊዜ ገንዘብ ወደሚያመጣው ሸክም ሲሄድና ገንዘብ የማያመጣው ሸክም እዚያው በእናት ጀርባ ላይ ሲቀር ነው። ባጃጅ በከተሞቻችን ሰውን የማመላለሱን ሥራ ከፈረስ ጋሪ ብዙውን ወስዷል፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። መኪና ያላችሁ የአዲስ አበባ አንባብያንም «ይህ የገጠር ነገር ነው» አትበሉ። መኪናው የማንን መንገድ ያሳጥራል? ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰው እናት በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ መኪናው የት ነው?

በኦሪት ዘፍጥረት 45 ላይ የምታውቁት ታሪክ አለ። ፈርዖን ዮሴፍን ስለ ቤተ ሰቡ ሲያዝዘው ሠረገሎቹ ከግብፅ እንዲሄዱ ያለው ለማን ነበር? ለሕፃናቱና ለሚስቶቹ ነበር። ያዕቆብም ልቡ የታደሰው የልጆቹን ቃል ሰምቶ የተላኩትን ሠረገሎች ባየ ጊዜ ነው። ወሬ ብቻ ሳይሆን የሚጭን ነገር መጣለት።

ለባልና ሚስት

ጋሪ ልታሠሩ፣ ሞተር ልትገዙ ወይም አንድ የእጅ ጋሪ በጓሮአችሁ ልትበይዱ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከደምበጫ ያመጣሁትን እነሆ።

ከመሥራታችሁ በፊት የቤታችሁን ሸክም ለአንድ ሳምንት ቁጠሩት። ምን ያህል ጀሪካን፣ ምን ያህል እንጨት፣ ስንት የወፍጮ መንገድ? ማን ተሸከመው? ባል የራሱን ግምት ለብቻው ይጻፍ፤ ሚስትም የራሷን ትጻፍ፤ ከዚያ ወረቀቱን አስተያዩት። ሁለቱ ግምቶች እኩል ከመጡ ደስ ይበላችሁ፤ ካልመጡም ከዚያ ላይ መነጋገር ጀምሩ።

ዕቃውን ስትመርጡ መሬታችሁን ተመልከቱ። ዓመቱን ሙሉ ጭቃ በሆነ መንገድ ላይ ቀጭን ጎማ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሰፊ ጎማ ይሻላል። ቁልቁለት ካለ ፍሬን ሳታስገቡ አትቀበሉ። ማታ የሚሄድ ከሆነ አንጸባራቂ ይለጠፍበት። እንስሳውን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ገጣባ የጀመረው ፈረስ ማሰሪያው እንዲቀየርለት እየነገራችሁ ነው።

በመጨረሻም ቀን ወስኑ። «ሲመች ለቤት ይሠራል» የተባለ ጋሪ መቼም አይመቸውም። ገበያው ሁልጊዜ ይጠራዋል፤ ውኃው ግን አይጣራም፤ ዝም ብሎ በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ይወጣል። ማክሰኞና ዓርብ በሉ፣ ወይም ሌላ ቀን፤ ብቻ ሁለታችሁም የምታውቁት፣ ልጆቻችሁም የሚያውቁት ቀን ይሁን። ሸክም የሚቀልለው ጋሪው በግቢ ውስጥ በመኖሩ አይደለም፤ የቤቱ ሸክም በጋሪው ላይ ሲወጣ ነው።